ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የበላሁት

የገብር ኄር እሑድ ሲደርስ ቅዳሴ ላይ ወደ ኋላ፣ ወደ ዓምዱ ሥር እጠጋለሁ። ወንጌሉ ሲነበብ ሰው ፊቴን እንዳያየው ብዬ ነው። አምስት መክሊት የተቀበለው ሌላ አምስት አተረፈ፣ ሁለት የተቀበለውም ሁለት፤ አንዱን የተቀበለው ግን መሬት ቆፍሮ ቀበረው። ሰባክያን አብዛኛውን ጊዜ የሚገሥጹት ይህን ሦስተኛውን ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ወንጌሉ ያላነሣው አራተኛው ነው፤ የጌታውን መክሊት ሸራርፎ የበላው። እንዲህ ያለ አገልጋይ በምሳሌው ውስጥ የለም። በእኔ ሕይወት ውስጥ ግን ነበረ።

በ2000 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የግዥ ሠራተኛ ነበርኩ። የእህል ዋጋ ከሳምንት ሳምንት የሚንርበት፣ ደመወዝ የወሩን እኩሌታ የማይሻገርበት ጊዜ ነው። ለትምህርት ቤቶች የሚከፋፈል ኮምባይንድ ዴስክ እንድንገዛ ታዘዘ። ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ መሰብሰብ የእኔ ድርሻ ነበር። ሥራው በእግር መዞርን ይጠይቃል፤ ከሱቅ ሱቅ፣ ከበያጅ በያጅ፣ በመጋቢት ፀሐይ፣ በባዶ ሆድ።

በዕድሜ የሚበልጠኝ አንድ ነጋዴ አዘነልኝ። «በጾም አንጀትዎ ምን ያንከራትትዎታል? ሦስቱንም እኔ አመጣልዎታለሁ» አለኝ። አመሰገንኩት። በማግስቱ ሦስት ማኅተም ያረፈባቸው ሦስት ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ነበሩ። ሦስቱም ላይ የዴስኩ ብረት ስም፣ «ቱቦላሬ» የሚለው ቃል «ቱባላሬ» ተብሎ ተጽፏል። ሦስት የተለያዩ ነጋዴዎች በአንድ ቃል ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት ሊሠሩ እንደማይችሉ ለማወቅ የግዥ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። አየሁት። አይቼም ፋይሉ ውስጥ አስገባሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰውየው ከመሥሪያ ቤታችን አጠገብ ካለ ካፌ ጠራኝ። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ማኪያቶ ሊያዝልኝ ሲል ጾመኛ መሆኔን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም እንደማልቀምስ ነገርኩት። «ይቅር ይበሉኝ፣ ዘንግቼው ነው፤ እኔም እጾማለሁ» አለ፤ ከልቡ ነው ያፈረው። ከዚያ ጋዜጣ መካከል ያስቀመጠውን ፖስታ ወደ እኔ ገፋ አደረገና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለልጆች ደብተር ትሁንዎ» አለኝ። ወሰድኩት። በዘጠኝ ሰዓት ቤቴ ገብቼ፣ አማትቤ፣ ሽሮዬን በላሁ። የዚያን ቀን ጾሜን እንደ ጠበቅሁ ነበር የማምነው።

አማርኛችን ግን ከእኔ ይልቅ እውነተኛ ነው። ጉቦ የተቀበለን ሰው «በላ» እንለዋለን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም ያልኩ ሰው በአምስት ሰዓት በልቼ ነበር። የበላሁትን ደግሞ ገና አላወቅሁትም ነበር።

ባለቤቴ የልጃችን የትምህርት ቤት ክፍያ መሟላቱን ስታይ «ከየት አመጣኸው?» ብላ ጠየቀችኝ። የውሎ አበል ነው አልኳት። ብሩን ተቀብላ «ተመስገን» ስትል የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ፖስታው አንድ ኃጢአት ነበር፤ ቤቴ ሲገባ ውሸት ወለደ፤ ውሸቱ ደግሞ የሚስቴን ምስጋና አረከሰው። ከዚያው ብር ላይ መቶውን አንሥቼ ለአጥቢያችን የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ሰጠሁ። ደረሰኙን ኪሴ ስከት ቀለል ያለኝ መስሎኝ ነበር።

ሊቃውንቱ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 የተጻፈውን የጌታን ፈተና ሲተረጉሙ ሦስቱን ፈተናዎች ስስት፣ ትዕቢትና ፍቅረ ንዋይ ይሏቸዋል፤ ጌታችን በገዳመ ቆሮንጦስ ስስትን በትዕግሥት፣ ትዕቢትን በትሕትና፣ ፍቅረ ንዋይን በጸሊአ ንዋይ ድል እንደ ነሣልንም ያስተምራሉ። ሕፃን ሆኜ ይህን ስሰማ ፈታኙ በግድግዳ ሥዕል ላይ እንዳለው የሚያስፈራ፣ ከሩቅ የሚታወቅ ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄው ምን ያህል ደግነት እንደሚመስል የገባኝ ከወደቅሁ በኋላ ነው። አርባ ቀንና አርባ ሌሊት የጾመን ሰው እንጀራ ብላ ማለት ምን ክፋት አለው? እንጀራ ኃጢአት የለበትም። የራበው ሰው ቢበላም ማንም አይፈርድበትም። ፈታኙ የሚያስፈልገውን ነገር ይዞ ነው የቀረበው፤ ያጣመመው የሚገኝበትን መንገድ ነው። የልጅ ደብተርም እንዲሁ ነው። ክፍያው እውነተኛ ነበር፣ ችግሬም እውነተኛ ነበር። እንዲያውም ችግሬ እውነተኛ ባይሆን ኖሮ ፖስታው ምንም ኃይል አይኖረውም ነበር።

ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ባለው ጊዜ ደግሞ ፈታኙ ከመዝሙረ ዳዊት ጠቅሶ ነው የተናገረው። ይህ ቦታ ያስፈራኛል። የእግዚአብሔር ቃል አፉ ላይ ያለ ሁሉ ከእግዚአብሔር ዘንድ አልመጣም ማለት ነው። ያ ነጋዴ የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ ነው የሰጠኝ። እኔም ወደ ቤቴ ስሄድ ለራሴ የደገምኩት «ፈጣሪ ችግሬን አይቶ ነው» የሚል ቃል ነበር።

ጌታችን አርአያ ሊሆነን የመለሰው መልስ ሦስቱም ጊዜ አጭር ነው፣ ሦስቱም ከኦሪት ዘዳግም። በዚያ በረሃ መጽሐፍ አልገለጠም፤ ላስብበት አላለም፤ የእንጀራን ጥቅምና ጉዳት ከፈታኙ ጋር አልተመካከረም። ሔዋን ግን ተመካከረች። ከእባቡ ጋር ንግግር ስትጀምር ፍሬውን ገና አልነካችም፤ ንግግሩ ሲያልቅ ግን ፍሬው ለዓይን የሚያስጎመጅ ሆኖ ታያት። ፍሬው ያው ፍሬ ነው። የተለወጠው ዓይኗ ነበር።

እኔም ከፖስታው በፊት ለሁለት ሳምንት ስመካከር ነበር። ደመወዙ አይበቃም። ዴስኩ እንደሆነ ከአንዱ መገዛቱ አይቀርም። ከበላይ ያሉት የሚወስዱት ከእኔ ጋር አይወዳደርም። እምቢ ብል የሚጠቀመው ከእኔ የባሰው ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ከአያት ቅድመ አያቶቻችን ስንቀባበለው የኖርነው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ነበረ። ስንት የተጠመቀ ልጅ በዚህች ተረት እንደ ጠፋ እግዚአብሔር ይወቀው። የሕግ እጥረትም አልነበረብንም። የፀረ ሙስና ኮሚሽኑ ከተቋቋመ ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር፤ በ1993 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው። ፖስተሩ ቢሯችን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ከሥሩ ተቀምጬ ነው «ቱባላሬ» የሚለውን አንብቤ ያለፍኩት።

ብዙ ሰው የተሸነፍኩት ካፌው ውስጥ ይመስለዋል። ለንስሐ አባቴም መጀመሪያ የተናዘዝኩት እንደዚያ ብዬ ነው። እሳቸው ግን ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እየጠየቁ ወሰዱኝና ነጋዴው «በጾም አንጀትዎ» ያለኝ ቀን ላይ አደረሱኝ። የወደቅሁት እዚያ ነው። እግሬን ከድካም ያዳነልኝ ሰው እጄን ተረከበው። ያን ቀን «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሥራዬ ነው፣ እዞራለሁ» ብዬ ቢሆን ኖሮ ካፌ የሚጠራኝ ምክንያት አይኖረውም ነበር። ፖስታው ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ለመታገል የቀረኝ ጉልበት አልነበረም፤ አስቀድሜ በትንሽ በትንሹ ሰጥቼ ጨርሼዋለሁ።

ዮሴፍን የማስበው ለዚህ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 39 የጲጥፋራ ሚስት በየቀኑ ትናገረው እንደ ነበርና እሱ ግን ከእሷ ጋር መሆንን እንኳ እንደሸሸ ይነግረናል። ልብሱን ያዝ ስታደርገው ትቶላት ወጣ። የቤቱ አዛዥ ነው፣ ቆሞ በንግግር ሊረታት ይችል ነበር። ሮጠ። ሰው ጀግና የሚባለው ቆሞ ሲታገል በሆነበት አገር ለተወለድን መሮጥ ይከብደናል፤ ነገር ግን አንዳንድ ሰልፍ ላይ ድሉ በእግር ነው።

ዮሴፍም ለሽሽቱ ያገኘው እስር ቤት ነው። ይህን ሳንናገር ወጣቶችን «እምቢ በሉ፣ እግዚአብሔር ይባርካችኋል» ብቻ ማለት ተገቢ አይመስለኝም። ሕልሙን የፈታለት የጠጅ አሳላፊዎች አለቃ እንኳ ከእስር ሲወጣ ረሳው፤ ሌላ ሁለት ዓመት እዚያው ቆየ። ቀጥ ብሎ የሚሠራ ሰው ሹመት ሊያልፈው፣ ለሥልጠና ሲመለመል ስሙ ሊዘለል፣ በምሳ ሰዓት ብቻውን ሊቀመጥ ይችላል። ኋላ እኔንም «ጻድቁ» ብለው ሲጠሩኝ ኖረዋል፤ ቃሉ በእነሱ አፍ ስድብ ነበር። የጽድቅ መንገድ ዋጋው ወዲያው ስለማይከፈል ነው ጠባብ የሆነው።

ወደ ንስሐ ያደረሰኝ ስብከት አልነበረም። በ2003 ዓ.ም. ለሌላ ጉዳይ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ የዴስክ ክምር አየሁ። እግሩ የታጠፈ፣ ብየዳው የተገነጠለ፣ ዝገት የበላው። ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈውን የንብረት ቁጥር ሳነብ የእኔው ግዥ መሆኑን አወቅሁ። መሥሪያ ቤቱ ባወጣው ዝርዝር የቱቦላሬው ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት። በርክክቡ ቀን፣ ዕቃው በሞዴል 19፣ በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ሲመዘገብ፣ መለኪያው ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ባወጣው የሚነግረኝን አስቀድሜ አውቀዋለሁና። በመስኮት ወደ ክፍሉ ስመለከት ከኋላ ሁለት ልጆች ድንጋይ ላይ ካርቶን አንጥፈው ተቀምጠዋል፤ ደብተራቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። «ለልጆች ደብተር» የተባለውን ያን ጊዜ አስታወስኩ።

በዚያው ሳምንት ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሰባት ጊዜ መቀበሌን፣ ድምሩም 11,400 ብር መሆኑን ተናገርኩ። ስግደትና ምጽዋት ያዝዙኛል ብዬ ስጠብቅ «ልጄ፣ ገንዘቡ የማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«የነጋዴዎቹ ነው፣ አባቴ።»

«ከኪሳቸው ነው የሰጡህ?»

ዝም አልኩ። ከኪሳቸው አልሰጡኝም። ከቱቦላሬው ውፍረት ላይ ፍቀው ነው የሰጡኝ።

«እንግዲያው ባለቤቱን ታውቀዋለህ። መልስለት። ስለ ስግደቱ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አሉኝ።

ዘኬዎስን ያነሡልኝ ያን ጊዜ ነው። ቁመቱ አጭር መሆኑንና ዛፍ ላይ መውጣቱን ሁላችንም ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቃለን። ከዛፉ ከወረደ በኋላ ያደረገውን ግን ቶሎ እናልፈዋለን። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች፣ የቀማውን ደግሞ አራት እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ተናገረ፤ ጌታም ለዚያ ቤት መዳን እንደሆነለት የተናገረው ይህን ተከትሎ ነው። እኛ ዘንድ ግን ንስሐ ዕንባ ላይ የሚቆምበት ጊዜ በዝቷል። ሰው ያለቅሳል፣ ይሰግዳል፣ ይቆርባል፤ መሬቱ፣ ቤቱ፣ ብሩ ግን እዚያው ከወሰደው ሰው ጋር ይኖራል። በቤተ ክርስቲያናችን ላይ ይህን በድፍረት የምናገር መስሎ እንዳይታይብኝ፤ ይህን ያስተማሩኝ የገዛ ቤተ ክርስቲያኔ ካህን ናቸው።

ለባለቤቴ ነገርኳት። ያን ሌሊት አላናገረችኝም፤ በማግስቱም። በሦስተኛው ቀን «ያን ጊዜ ተመስገን ያልኩት በምን ላይ ነው?» አለች፤ መልስ አልነበረኝም። ከአምስት ወር በኋላ ዕቁቧ ሲደርሳት ገንዘቡን እንዳለ አምጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝ። በትዳራችን ውስጥ ከዚያ የሚከብድ ስጦታ አልሰጠችኝም።

ከግዥ ክፍል እንድዛወር ጠየቅሁና ተዛወርኩ። ለሕግ አካል ግን ራሴን አልገለጥኩም። ይህ በእኔ ላይ ያለ ጉድለት ነው፤ የምጽፈውም ነገሩን ጨርሶ እንዳጠራ ሰው ሆኜ አይደለም።

ፈተናውም ስለ ተናዘዝኩ አልተወኝም። ሉቃስ ፈታኙ ከጌታ ዘንድ ለጊዜው እንደ ተለየ ጽፏል፤ ለጊዜው። አዲሱ ክፍል ውስጥም ፖስታ የሚያመጣ ነበረ፤ ከሁሉ የባሰው ደግሞ እጄ የለመደውን መፈለጉ ነው። የወር መጨረሻ ሲደርስ ዓይኔ በር በር ያይ ነበር። ይህንን ስነግራቸው ንስሐ አባቴ የቅዱስ ሙሴ ጸሊምን ታሪክ ተረኩልኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን ታስበዋለች። የወንበዴዎች አለቃ የነበረ፣ በገዳመ አስቄጥስ የመነኮሰ ሰው ነው። ከመነኮሰ በኋላም የቀድሞው ሐሳቡ እየተነሣ አላስተኛ ይለው ነበርና ሌሊት ሌሊት የአረጋውያኑን መነኮሳት እንስራ እያነሣ ውኃ ይቀዳላቸው ነበር። አንድ ጊዜ ፈተናው ሲጸናበት ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ ወደ በዓቱ መመለስ እንዳቃተው ነገራቸው። አባ ኤስድሮስ ወደ ሰገነቱ ይዘውት ወጡ። ወደ ምዕራብ እንዲያይ ነገሩት፤ የአጋንንት ሠራዊት ሲተራመስ አየ። ወደ ምሥራቅ እንዲያይ ነገሩት፤ ቁጥር የሌላቸው መላእክት ቆመው አየ። ከእሱ ጋር ያሉት ከጠላቶቹ እንደሚበልጡ ነግረው ወደ በዓቱ መለሱት። ፈተናውን አላነሡለትም። ዞሮ የሚያይበትን አቅጣጫ ነው ያሳዩት።

እኔን ደግሞ ውኃ ቅዳ ባይሉኝም ሥራ ሰጡኝ። ነጋዴ ከቢሮ ውጭ አታግኝ። በርህን ክፈተው። የሚያስፈልግህን ለሚስትህ ንገራት እንጂ ለባለጉዳይ አታሰማ። ሦስተኛው ላይ ቆም ብዬ ብዙ አሰብኩ። ችግሩን ቤቱ ውስጥ መናገር ያፈረ ሰው ውጭ የሚሰማለት አያጣም። የልጄን ክፍያ ጭንቀት ያ ነጋዴ ከሚስቴ ቀድሞ ነበር ያወቀው፤ እኔው ነበርኩ የነገርኩት፣ እንደ ዋዛ፣ ፕሮፎርማውን ሲያመጣ።

ገንዘቡ ሲሟላ የዴስኩን ክምር ወዳየሁበት ትምህርት ቤት ሄጄ ዴስክ ማሠራት እንደምፈልግ ተናገርኩ። በያጅ ፈልጌ፣ ውፍረቱን ራሴ ለክቼ፣ ቱቦላሬውን ገዝቼ አሠራሁ። ጭነን ስንደርስ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ወጣ። ዕድሜው እኔ ፖስታውን ስቀበል የነበርኩበት ዕድሜ ነው። ስጦታ ነው ብዬ ነበርና ቆጥሮ ብቻ ያስገባል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ዴስኮቹን አንድ በአንድ አስወረደ። እያንዳንዱን ገልብጦ እግሩን ነቀነቀ፣ ብየዳውን በጣቱ ዳሰሰ፣ ከኪሱ መለኪያ አውጥቶ የቱቦላሬውን ጫፍ ለካ። ፀሐዩ ይከርር ነበር፣ ሹፌሩም ተማርሮ ጥሩንባ ነፋ። ልጁ ቀና ብሎ አላየውም።

አንዱ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ይሄ ብየዳው ክፍት ነው፣ ጋሼ፤ ገቢ ማድረግ አልችልም» አለኝና የቀሩትን በሞዴል 19 መዝግቦ ፈረመ። ደረሰኙን ተቀብዬ ዴስኩን ብቻዬን አንሥቼ መኪናው ላይ መለስኩትና ወደ በያጁ ሄድኩ።